ስለ ከዋክብት ልደትና ሞት ሊቃውንት እንዴት ሊያውቁ እንደ ቻሉ



ባለፈው ሰሞን ከእራት በኋላ ከደጅ ወጥተን ተቀምጠን ሳለን ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብቱ በሙሉ ይታዩ ነበር። የ12 ዓመት ልጃችንም አንገቷን አቅንታ ብዙ ጊዜ ከተመለከተች በኋላ፤ «አባባ፤ መምህራችን ከዋክብት ይወለዳሉ፤ ያረጃሉ፤ ይሞታሉም ብለው አስተማሩን። ነገር ግን የአንዱ ኮከብ ዕድሜ ብዙ ሺህ ሚሊዮን ዓመት ከሆነ፤ ሲወለድም ሲሞትም ቆሞ ያየ ማን ነው?» ብላ ጠየቀችን። እኛም መልሱን ስላላወቅን ያለማወቃችንን በቍጣ ሸፍነን፤ «ይህ የልጅ ጥያቄ አይደለም፤ ሂጂና ተኚ» ብለን አሰናበትናት። ልጂቱም አንገቷን ደፍታ ገባች።

እርስዋ ከገባች በኋላ ግን ነገሩ ከልባችን አልወጣም። ጥያቄዋን መልሰን ብንመረምረው የሞኝ ጥያቄ ሆኖ አላገኘነውም፤ ይልቁንም ዳኛ በችሎት ተቀምጦ «የዚህ ነገር ምስክሩ ማን ነው?» ብሎ እንደሚጠይቀው ያለ ጥያቄ ነበር። ስለዚህ መጽሐፍ ስናገላብጥ፤ የሚያውቁትንም ሰዎች ስንጠይቅ ሰንብተን ያገኘነውን ለእርስዋም ለእናንተም በዚህ ገጽ ለመግለጽ ወደድን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር መጻፋችንን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። በአገራችን ኮከብ ቈጣሪ ሲባል የሰውን ስምና የእናቱን ስም ቈጥሮ ዕድሉን እናገራለሁ የሚል ሰው ነው፤ የዛሬው ነገራችን ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። ሊቃውንቶቻችንም በባሕረ ሐሳብ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት ቈጥረው በዓላትንና አጽዋማትን ማውጣታቸው ታላቅ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን ይህ የሰማይን ጉዞ መቍጠር ነው። ዛሬ የምንናገርለት ትምህርት የኮከቡን አካል የሚመረምር ሲሆን፤ ምን ያህል እንደሚርቅ፤ ምን ያህል እንደሚግል፤ ከምን እንደ ተሠራና ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ ይጠይቃል። በግሪክ ቃል አስትሮኖሚ ይባላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ርቀቱ ነው። አንባቢያችን አውራ ጣቱን ከፊቱ ዘርግቶ አንድ ጊዜ በቀኝ ዐይኑ፤ አንድ ጊዜ በግራ ዐይኑ ብቻ ቢመለከት፤ ጣቱ በስተጀርባው ካለው ግድግዳ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚዘል ይመስለዋል። ጣቱን ሲያርቀው ዝላዩ ያንሳል። ሊቃውንትም እንዲሁ ምድርን እንደ ሁለት ዐይን አደረጓት። ምድር ፀሐይን ስትዞር ዛሬ ያለችበት ስፍራና ከ6 ወር በኋላ የምትደርስበት ስፍራ 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ከነዚህ ከሁለቱ ስፍራዎች አንዱን ኮከብ ሲመለከቱት፤ ከርሱ ይልቅ በራቁት ከዋክብት መካከል ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ይታያል። ከዚህ ፈቀቅታ ርቀቱን በሒሳብ ያወጣሉ። በ1838 ቤሰል የሚባለው የጀርመን ሊቅ በዚህ መንገድ 61 ሲግኒ የተባለውን ኮከብ ለካው። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሲሆን፤ ከዚያ ኮከብ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ ከ11 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ከዚያ ወዲህ ጥበቡ እጅግ ሰፍቶ፤ ኤውሮፓውያን በ2013 ወደ ጠፈር የላኳት ጋይያ የተባለች መንኰራኵር በ2025 ሥራዋን እስክትፈጽም ድረስ ወደ 2 ሺህ ሚሊዮን የሚጠጉ ከዋክብትን ስፍራ ለክታለች።

ሁለተኛው ጥያቄ ሙቀቱ ነው። ይህን ለማወቅ ወደ አንጥረኛ ቤት መሄድ ይበቃል። ብረት በእሳት ሲግል በመጀመሪያ ይቀላል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ከዚያም አልፎ ይነጣል። ከዋክብትም እንዲሁ ናቸው። ቀዩ ኮከብ ከሌሎቹ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰማያዊ የሚመስለው ነጭ ኮከብ ግን ከሁሉ የጋለ ነው። የፀሐያችን ገጽ 5,500 ዲግሪ ያህል ሲሆን፤ ቤተልጌዝ የሚባለው ቀይ ኮከብ ከዚህ በብዙ ያነሰ፤ ሪጌል የሚባለው ነጭ ኮከብ ግን የፀሐይን እጥፍ ያህል የሚግል ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን ከሁሉ የሚከብድ ነው። እጃችን ሊደርስበት የማይችለው ኮከብ ከምን እንደ ተሠራ እንዴት ይታወቃል? የዚህ መልስ የተጀመረው በአንድ ድኻ አደግ ልጅ እጅ ነው። ዮሴፍ ፍራውንሆፈር በባየርን አገር በ1787 ተወልዶ ገና በልጅነቱ አባቱም እናቱም ሞተውበት ለአንድ መስተዋት ሠሪ ረዳት ሆኖ ገባ። ጌታውም መጽሐፍ እንዳያነብ ይከለክለው ነበር። በ1801 የሚሠራበት ቤት ተደርምሶ ልጁ ከፍርስራሹ ሥር ተቀበረ። የአገሩ ገዥ ማክሲሚልያን ሰው ሲያወጡት በስፍራው ነበረና፤ አዝኖለት ገንዘብ ሰጠው፤ የሚማርበትንም መንገድ ከፈተለት። ይህ ልጅ አድጎ በጊዜው ከነበሩት የመስተዋት ጠቢባን ሁሉ የሚበልጥ ሆነ። በ1814 የፀሐይን ብርሃን ባለ ሦስት ጎን በሆነ መስተዋት ውስጥ አሳልፎ እንደ ቀስተ ደመና ዘርግቶ ቢመለከተው፤ በቀለማቱ መካከል ከ500 የሚበልጡ ጥቁር መስመሮች ተሰምረው አገኘ። ምን እንደ ሆኑ ሳያውቅ በጥንቃቄ ሥሎ አስቀመጣቸው፤ በ39 ዓመቱም ሞተ። መኳንንቶቻችን ልብ ይሏል፤ ለአንድ ድኻ ልጅ የተሰጠው ጥቂት ገንዘብ ለዓለም ሁሉ የሰማይን መጽሐፍ ከፈተ።

የመስመሮቹን ትርጓሜ ያገኙት በ1859 በሀይደልበርግ ከተማ ኪርክሆፍና ቡንሰን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ናቸው። በወጥ ቤት እንደምናየው ጨው በእሳት ላይ ሲበተን ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፤ ይህም በጨው ውስጥ ካለው ሶዲየም ነው። ሁለቱ ሊቃውንት እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሲግል የራሱ የሆነ የቀለም መስመር እንዳለው፤ በጋለ ነገር ፊት ቀዝቀዝ ያለ ጋዝ ሆኖ ሲጋረድም ያንኑ መስመር ከብርሃኑ እንደሚወስድ ገለጡ። እንግዲህ ጥቁሮቹ መስመሮች የፀሐይ ፊርማዎች ናቸው፤ እዚህ ብረት አለ፤ እዚህ ሶዲየም አለ፤ እዚህ ሃይድሮጅን አለ ብለው ይመሰክራሉ። በ1868 እንዲያውም በምድር ከሚታወቁት ከማናቸውም ጋር የማይተካከል መስመር በፀሐይ ላይ ተገኘ። በግሪክ ፀሐይ ሄሊዮስ ትባላለችና ስሙን ሂሊየም አሉት። በምድር ላይ ራምሴ የተባለ ሊቅ ያገኘው በ1895 ነው። ሰው አንድን ነገር ከእግሩ ሥር ከማግኘቱ አስቀድሞ በፀሐይ ላይ ማግኘቱ አያስደንቅምን?

አሁን ለልጃችን በተለይ ልንነግራት ወደ ወደድነው ታሪክ ደርሰናል። በአሜሪካ በሐርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ በመስተዋት ላይ የተነሡ ብዙ ሺህ የሰማይ ፎቶግራፎች ነበሩ። እነርሱን የሚመረምሩት አብዛኞቹ ሴቶች ሲሆኑ ደመወዛቸው ጥቂት ነበር። ከነርሱም አንዲቱ አኒ ካነን ጆሮዋ እጅግ የደከመ ስትሆን፤ ወደ 350 ሺህ የሚሆኑ ከዋክብትን እንደየመስመራቸው በየወገናቸው ለየች። የለየችበት ሥርዐት ዛሬም ይሠራበታል።

በ1923 ደግሞ ሲሲልያ ፔይን የምትባል የ23 ዓመት እንግሊዛዊት ወደዚያ መጣች። በተማረችበት በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ትምህርታቸውን ቢፈጽሙም እስከ 1948 ድረስ ሙሉ ዲግሪ አይሰጣቸውም ነበር። እርስዋም ሳሃ የተባለው የሕንድ ሊቅ ያወጣውን ሒሳብ ይዛ፤ የመስመሮቹ ድምቀትና ድካም ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ አስልታ፤ በ1925 የዶክተርነት ጽሑፏን አቀረበች። በዚያ ዘመን ሊቃውንት ሁሉ ፀሐይ ምድራችን ከተሠራችበት ነገር የተሠራች ናት ብለው ያምኑ ነበር። የእርስዋ ሒሳብ ግን ከዋክብት አብዛኛው አካላቸው ሃይድሮጅን፤ ከዚያም ቀጥሎ ሂሊየም መሆኑን አሳየ።

በጊዜው ከአሜሪካ የከዋክብት ሊቃውንት ሁሉ ስመ ጥሩ የነበረው ሄንሪ ኖሪስ ራስል ጽሑፉን አንብቦ ይህ ሊሆን አይችልም አላት። ወጣቲቱም ከታላቁ ሊቅ ጋር መከራከር ስላልቻለች፤ ይህ ውጤት እውነት ላይሆን እንደሚችል በገዛ እጅዋ በጽሑፏ ውስጥ አስገባች። እስቲ አስቡት፤ እውነቱን ያገኘች ምስክር ቃሏን ራስዋ ስታፈርስ! ነገር ግን ከ4 ዓመት በኋላ በ1929 ራስል በሌላ መንገድ መርምሮ እዚያው ውጤት ላይ ደረሰ፤ ፔይን ቀድማው እንዳገኘችውም በጽሑፉ ገለጸ። ዛሬ እንደሚታወቀው የፀሐይ ክብደት ከመቶው 73 ያህሉ ሃይድሮጅን፤ 25 ያህሉ ሂሊየም ሲሆን፤ ብረቱም ወርቁም ሌላውም ሁሉ ተደምሮ 2 ያህል ብቻ ነው። ፔይንም በ1956 በሐርቫርድ ሙሉ ፕሮፌሰርና የትምህርት ክፍሉ አለቃ ሆነች።

ኮከብ ከሃይድሮጅን መሠራቱ ከታወቀ በኋላ ነዳጁም ታወቀ። በ1938 እና በ1939 ሃንስ ቤተ የተባለው ሊቅ እንዳስረዳው፤ በኮከብ ልብ ውስጥ ሙቀቱ ከመበርታቱ የተነሣ ሃይድሮጅን እየተጋጠመ ሂሊየም ይሆናል፤ ከዚህም ብርሃንና ሙቀት ይወጣል። የፀሐያችን ልብ ሙቀቱ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ሲሆን፤ በየሴኮንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ያህል ሃይድሮጅን ይለውጣል።

እንግዲህ ወደ ልጃችን ጥያቄ እንመለስ። ቆሞ ያየ ማን ነው? አንድ እንግዳ ለአንድ ቀን ብቻ ወደ ሰርግ ቤት ቢገባ፤ የአንድም ሰው ፀጕር ሲሸብት ቆሞ አያይም። ነገር ግን በእናቱ ጀርባ ያለውን ሕፃን፤ የሚሯሯጠውን ልጅ፤ የሚያሸበሽበውን ጎልማሳ፤ በከዘራ የተደገፈውን ሽማግሌ በአንድነት ያያል፤ የሰው ዕድሜ እንዴት እንደሚሄድ ከዚህ ያስተውላል። ሊቃውንትም ሰማይን የሚያዩት እንዲሁ ነው። በኦሪዮን ውስጥ ባለው የጋዝ ደመና ዛሬ የሚወለዱ ከዋክብት አሉ፤ ሰባቱ ከዋክብት የሚባሉት ዕድሜያቸው 100 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆነ ወጣቶች ናቸው፤ ፀሐያችን 4 ሺህ 600 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ጎልማሳ ናት፤ ቤተልጌዝ ግን ሊሞት የቀረበ ነው።

የአንዱን ዕድሜ ከሌላው የሚለዩበትም መንገድ አላቸው። በአንድ ስፍራ ተሰብስበው የሚታዩ ከዋክብት ከአንድ ደመና በአንድ ዘመን የተወለዱ እኩያሞች ናቸው። ክብደታቸው ግን ልዩ ልዩ ነው፤ ይህንም ሁለት ከዋክብት እርስ በርሳቸው ሲዞሩ ፍጥነታቸውን በመለካት ያውቁታል። ከባዱ ኮከብ ብዙ ሀብት ወርሶ ድግስ እንደሚያበዛ ሰው ነው፤ ነዳጁ ብዙ ቢሆንም ቶሎ ያባክነዋል። ቀላሉ ግን እየቈጠበ ብዙ ይኖራል። ስለዚህ ከእኩያሞቹ መካከል የትኞቹ ከባዶች እንደ ሞቱና የትኞቹ እንደ ቀሩ አይተው የማኅበሩን ሁሉ ዕድሜ ያሰላሉ።

አሟሟታቸውም እንደ ክብደታቸው ነው። ፀሐያችን ከ5 ሺህ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ነዳጅዋ ሲያልቅ አብጣ ትቀላለች፤ ከዚያም ልብሷን ጥላ ምድርን የምታህል ትንሽ ነጭ ፍም ሆና ቀስ በቀስ ትቀዘቅዛለች። ከፀሐይ 8 እጥፍና ከዚያ በላይ የሚከብደው ኮከብ ግን ልቡ ብረት እስኪሆን ድረስ ይነድዳል። ብረት ግን ተጋጥሞ ሙቀት አይሰጥምና ልቡ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ የቀረው አካሉም ፈንድቶ ይበተናል። ይህን ሱፐርኖቫ ይሉታል።

በ1054 የቻይና ሊቃውንት በሰማይ አዲስ ኮከብ ተገለጠ፤ 23 ቀንም በቀን ብርሃን ታየ ብለው ጽፈው ነበር። ዛሬ በዚያ ስፍራ በቴሌስኮፕ ሲታይ እየሰፋ የሚሄድ የጋዝ ደመና አለ፤ በመካከሉም በአንድ ሴኮንድ 30 ጊዜ የሚሽከረከር የሞተው ኮከብ ልብ በ1968 ተገኝቷል። በየካቲት 1987 ደግሞ ከቺሊ ተራራ ላይ ያለ መሣሪያ በዐይን የሚታይ ሱፐርኖቫ ተገለጠ። ሊቃውንትም ቀድሞ የተነሡትን ፎቶግራፎች አውጥተው ቢመለከቱ የፈነዳውን ኮከብ በሕይወቱ ሳለ አገኙት፤ ፍንዳታው ከበረደ በኋላ ግን ያ ኮከብ በስፍራው አልነበረም። በጃፓን ከምድር በታች በተሠራ የውኃ ጋን ውስጥም ከኮከቡ ልብ የወጡ ኒውትሪኖ የሚባሉ ረቂቅ ነገሮች ብርሃኑ ከመታየቱ ከጥቂት ሰዓት አስቀድሞ ተመዝግበው ተገኙ። እንግዲህ ለልጃችን ጥያቄ የዐይን ምስክር ተገኘ ማለት ነው። ብርሃኑ ግን ከዚያ ኮከብ የተነሣው ከ160 ሺህ ዓመት በፊት ነበር፤ የሰማነው የሞቱን መርዶ እንጂ ሞቱን በዕለቱ አላየንም።

በደማችን ውስጥ ያለው ብረትም ሆነ የምንተነፍሰው ኦክሲጅን በሞቱት ከዋክብት ውስጥ የተሠራ ነው። ከተበተነው አካላቸው አዲስ ደመና፤ ከደመናውም አዲስ ኮከብና ምድር ይሠራል።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ ልጃችንን ጠርተን፤ ያን ምሽት የተቈጣነው ጥያቄዋ ክፉ ሆኖ ሳይሆን እኛ ባለማወቃችን መሆኑን ነገርናት። ከዚያም የጻፍነውን አነበብንላት። የራስልን ነገር ስትሰማ ፈገግ አለች፤ ምንም አልተናገረችም። ጥቂት ቈይታ ግን፤ «ታዲያ ከሞቱ ከዋክብት ሌላ ኮከብ የሚሠራ ከሆነ፤ የመጀመሪያው ኮከብ ከምን ተሠራ?» አለች። በዚህ ጊዜ አልተቈጣናትም። አላወቅንም፤ አብረን እንፈልገዋለን አልናት።

አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ልጅ የጠየቀውን ሁሉ ማወቅ ከማንም አይጠበቅም። ነገር ግን ያላወቁትን በቍጣ መዝጋት፤ የልጁንም የራስንም መንገድ መዝጋት ነው። ራስል በሐርቫርድዋ ወጣት ላይ ያደረገውን እኛም በየቤታችን በሴቶች ልጆቻችን ላይ በየቀኑ እናደርገዋለን፤ ያጠፋውን በጽሑፍ መግለጡን ግን ጥቂቶቻችን ብቻ እናስባለን። ዛሬ በእንጦጦ ተራራ ላይ 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ባለ መስተዋት 2 ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ነገ በነርሱ የሚመለከቱት ዛሬ በየደጃችን አንገታቸውን አቅንተው የሚጠይቁን ልጆች ናቸው።

እስከዚያው ድረስ ግን ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከደጅ ውጡ። ወደ ሰማይ ስትመለከቱ በአንድ መስመር የተሰለፉ 3 ከዋክብት ታያላችሁ፤ ይህ የኦሪዮን መታጠቂያ ነው። ከርሱ በስተሰሜን የሚቀላው ቤተልጌዝ፤ በስተደቡብ የሚነጣው ሪጌል ነው። የትኛው እንደሚበልጥ የሚግል ልጆቹን ጠይቋቸው፤ ስለ አንጥረኛው ብረትም ንገሯቸው። ከዚያ በኋላ የሚጠይቁት እነርሱ ናቸው፤ እናንተም ታግሣችሁ ስሟቸው።